ድመት ለማሳደግ ዝግጁ መሆኔን በምን ልወቅ?

ጥያቄ፦ ከሂርማታ ተከራይ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ከባለቤቴ ጋር ተከራይቼ እኖራለሁ። የጎረቤታችን ድመት ወልዳ ኖሮ፣ አሁን 5 ሳምንት የሆናትን አንዷን ግልገል እንድንወስድ ተጠይቀናል። ሐሳቡን ያመጣው ክረምቱ ሲገባ ቤታችንን የወረረው አይጥ ነበር፤ ግልገሏን ደጋግሜ ካየሁ ወዲህ ግን የማስበው ስለ አይጡ ሳይሆን ስለ እሷ ሆኗል። ባለቤቴ የ4 ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ድመት ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው የሚሉንም አሉ። ለበዓል ወደ ቤተሰብ ስንሄድ ደግሞ ቤቱ ለሳምንት ይዘጋል። ልጅ ሳለሁ ቤት ስንቀይር ድመታችንን ትተናት ሄደን ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፣ እንዲደገምም አልፈልግም።

መልስ፦ ከጂሬን እናት

ልጄ፣ ዋናው ጥያቄህ መጨረሻ ላይ የጻፍከው ነው። በደንብ የተያዘች ድመት 15 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትኖራለች፤ አሁን በማኅፀን ያለው ልጃችሁ ትምህርት ቤት ገብቶ ከፍ ሲልም አብራችሁ ትሆናለች ማለት ነው። ተከራይ በዚህ ሁሉ ዓመት ስንት ቤት ይቀይራል? ስለዚህ አስቀድመህ አከራይህን ፈቃድ ጠይቅ። ቤት በቀየራችሁ ጊዜም ሁለት ሦስት ሳምንት ከቤት ሳታስወጣ አቆያት፤ አለዚያ የቀድሞውን ቤት ፍለጋ ትጠፋለች። አይጥ እንድትይዝ ብሎ ማስራብም ትክክል አይደለም፤ የጠገበች ድመትም ታድናለች። እኔ አንዲት ድመቴን ያጣሁት መርዝ የበላ አይጥ በልታ ነው። በግቢያችሁ መርዝ የሚያስቀምጥ ሰው ካለ ከእሱ ጋር ሳትነጋገር አትውሰዳት።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም

ስለ ነፍሰ ጡር የሚነገረው መሠረት አለው፤ ሆኖም ድመት እንዳይኖራችሁ የሚያስገድድ አይደለም። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተሐዋሲ ከድመት ዐይነ ምድር ጋር የሚወጣ ሲሆን፣ ከወጣ በኋላ ወደ ሰው ለመተላለፍ የሚበቃው ከ1 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ነው። ስለዚህ ድመቷ የምትጸዳዳበትን የአሸዋ ሳጥን በየቀኑ እርስዎ ያጽዱ፤ ባለቤትዎ አይንኩት። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ መንገድም አለ፦ ተሐዋሲው በጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ በተደረገ ክትፎና በደንብ ባልታጠበ አትክልትም ይተላለፋል። ባለቤትዎ ከእነዚህ ይጠንቀቁ፤ ጉዳዩንም ለእርግዝና ክትትል ሐኪማቸው ያንሱ። ለድመቷም ሥጋውን ቀቅለው ይስጧት።

ግልገሏ ቢያንስ 8 ሳምንት እስኪሞላት ከእናቷ ጋር ትቆይ። በ3 ወሯ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ትውሰድ፤ ከዓመት በኋላም ይደገምላት። በ5 ወይም በ6 ወሯ ልታረግዝ ስለምትችል፣ ስለ ማምከን ከአሁኑ የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ። ወጥ የነካው እንጀራ አይስጧት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ። ይህን ሁሉ ለማድረግ ገንዘቡና ጊዜው በእጅዎ ካለ፣ በእኔ እምነት ዝግጁ ነዎት።

መልስ፦ ከቆጪ

ለበዓል ስትሄዱ በአውቶቡስ ይዛችኋት አትጓዙ፤ ድመት በለመደችው ቤት ብትቆይ ይሻላታል። ነገር ግን ምግብ ከምሮ በር መዝጋት አይሆንም፤ በየቀኑ ውኃ የሚቀይርላትና ደኅንነቷን የሚያይ ሰው ከአሁኑ ይገኝ።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ማምሻውን አከራያችንን አነጋግሬአቸው ነበር፤ ድመቷን ፈቅደዋል፣ በጓሮ ያስቀመጡትን የአይጥ መርዝም እንደሚያነሱ ቃል ገብተውልኛል። የጎረቤታችን ልጅ በበዓሉ ሳምንት በየቀኑ እያየች ልታበላት ተስማምታለች። ግልገሏ 8 ሳምንት እስኪሞላት ሦስት ሳምንት ይቀራል፤ እስከዚያ መርዙ በእርግጥ ከተነሳ እንወስዳታለን፣ ካልተነሳ ግን ለጎረቤታችን ሌላ ሰው እንዲፈልጉላት እነግራቸዋለሁ።