ወባ ደጋ ወጣች፣ ጥፋተኛው «አጎበሩን ያሰጣበት» ገበሬ ሆነ?

ቋራዊ፦ ዛሬ ጠዋት ሬዲዮ ላይ አንድ ባለሙያ ስለ ወባ ሲያወሩ ነበር። ደጋ የወጣችው በአየር ንብረት ለውጥ ነው አሉ፣ እሺ። ቀጠሉና «ህብረተሰቡም አጎበሩን እህል እያሰጣበት መልሶ ወባ ያዘኝ ይላል» አሉ። ጋዜጠኛው ሳቀ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2024 ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር 20 ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኛና 1,157 ሞት መዝግቧል። ይሄ ሁሉ ሰው እህል ሲያሰጣ ነው የታመመው?

ሲስተር፦ ቋራዊ ረጋ በል። ጤና ኤክስቴንሽን ነበርኩ፣ አሁን ጤና ጣቢያ ነኝ። አይደረግም ካልክ ዋሸህ። ድርቆሽ ሲታሰርበት፣ የዶሮ ቤት ሲሠራበት አይቻለሁ። ለልጅ ሰርግ ይመስል ከነላስቲኩ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠም አለ። ቤት ለቤት ዞረን ሰቅለን እንሄዳለን፣ ስንመለስ የለም። ይሄን ማውራት ሕዝብን መስደብ ነው እንዴ?

ደጋው፦ ቆይ ግን፣ ጤፍ በአጎበር ይሰጣል? ቀዳዳው ያሳልፈዋል እኮ። ሰውየው ጤፍ አይተው ያውቃሉ?

ሲስተር፦ በርበሬ ነው የሚሰጣበት።

ደጋው፦ እሳቸው ያሉት እህል ነው። በርበሬ እህል የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ቋራዊ፦ በርበሬም ይሁን። የትኛው አጎበር ላይ? አጎበር ይቆያል የሚባለው ሦስት ዓመት ነው፣ ጭስ ያለበት የጭቃ ቤት ውስጥ ያንንም አይደርስም። ተቀዶ መድኃኒቱ ያለቀበትን አሮጌ ጨርቅ በርበሬ ቢያሰጡበት ምን ይሁን? ቤተ መዘክር ያስገቡት? አዲሱ መቼ እንደሚመጣ ንገሪኝና እኔም ከአንቺ ጋር ገበሬውን ልቆጣ።

ሲስተር፦ አዲሱንም አይቻለሁ አልኩህ እኮ። ከነላስቲኩ የሚለውን ዘለልከው?

ቋራዊ፦ አልዘለልኩም። አጎበር የሚታደለው ቀበሌ ለሚያውቀው አባወራ ነው። መተማና ምዕራብ አርማጭሆ ሐምሌ ለአረም፣ ጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው የደጋ ልጅ የት ተመዝግቦ ነው የሚሰጠው? ዳስ ውስጥ ወይ ሜዳ ላይ ነው የሚያድረው። ቀን ስለሚያቃጥል ማታም ይሠራል። እሱን «አልጋህ ላይ ስቀል» ትይዋለሽ፣ አልጋ የለውም! ከዚያ ወባዋን ተሸክሞ ደጋ ይመለሳል፣ ሐኪሙም ጉንፋን ነው ብሎ ይሸኘዋል። ሬዲዮ ላይ የሚሳቅበት ሰው ይሄ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ነው።

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ የአየር ንብረት የሚሉት ነገር ለባለሥልጣን ጥሩ ማምለጫ ሆኗል። እ.ኤ.አ በ1958 ደምቢያንና ሌላውን ከፍተኛ ቦታ ወባ ሲያጥለቀልቅ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ነው የተገመተው። ከ2000 ሜትር በላይም ወጥታለች። ያኔ ማን ስለ ካርቦን ያወራ ነበር? ዝናቡ ከልክ አለፈ፣ ሙቀቱ ጨመረ፣ መድኃኒት አልነበረም፣ ሰው አለቀ። በማግስቱ ወባ ማጥፊያ ተቋቋመና ቤት ለቤት ዲዲቲ መርጨት ተጀመረ። የሚያድነው ሥራ ነው፣ ስብሰባ አይደለም።

ናዝሬት፦ ጋሼ፣ ሙቀቱ ጨመረ ያሉት እርስዎ ነዎት እኮ። የእኛ ነገርም እሱው ነው። ደብረ ዘይት አካባቢ እ.ኤ.አ ከ1993 እስከ 2005 ያለው የወባ መዝገብ ተጠንቶ በ2014 «ሳይንስ» በሚባለው መጽሔት ላይ ወጥቷል። ሞቃት ዓመት ሲሆን ሕመሙ ወደ ከፍታው ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይወርዳል። የደጋ ሰው ደግሞ ሰውነቱ ስላልለመዳት ስትደርስበት ክፉኛ ነው የምትጥለው። ያኔ አንዴ የመጣው አሁን ቶሎ ቶሎ ቢመላለስስ?

ጡረተኛው፦ ቢመላለስ ርጩ! እኔ መቼ አትወጣም አልኩ?

የድሬ ልጅ፦ እናንተ ደጋ ደጋ ትላላችሁ። እኛ ከተማ መሀል ነው የገባችብን። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ በ2016 ቀብሪ ደሃር ተገኘች፣ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ወረርሽኝ አስነሳች። ይቺ ረግረግ አትፈልግም፣ ሮቶና በርሜል ይበቃታል። ሰው ሳይተኛ፣ በረንዳ ላይ ቡና ሲጠጣም ትነክሳለች። ታዲያ አጎበር ገብተን ቡና እንጠጣ? ቀጥሎ ደግሞ «ውሃ አታጠራቅሙ» ይሉናል። ቧንቧው በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ባናጠራቅም ምን እንጠጣ? ድርቅ ሲሆን ደግሞ ሁሉም በርሜል ይጨምራል። ይሄም የእኛ ቸልተኝነት ተብሎ ይመዝገብ።

ሲስተር፦ ክደኑት ነው የተባለው፣ አታጠራቅሙ አልተባለም።

የድሬ ልጅ፦ የተሰበረ የሮቶ ክዳን መተካት ስንት ብር እንደሆነ ታውቂያለሽ የኔ እህት?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ወገኖቼ፣ እርስ በርስ ከምትባሉ ዓለምን የበከሉት ይክፈሉ በሉ። እ.ኤ.አ በ2022 ሻርም ኤል ሼክ የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ ለጉዳትና ኪሳራ ፈንድ ይቋቋማል ተብሎ ስምምነት ላይ ተደርሷል። ኢትዮጵያ ለብክለቱ ያላት ድርሻ ከቁጥር አይገባም። አጎበሩንም የወባ መድኃኒቱን ኮአርተምንም እነሱ ይግዙ።

ደጋው፦ ገንዘቡ ሲመጣማ መጀመሪያ አዳማ ላይ የሦስት ቀን ወርክሾፕ ይሆናል። ከአበል ጋር። ርዕሱም «የህብረተሰቡ ተሳትፎ»።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ በዚህ አስተሳሰብ ነው የማንለወጠው።

ደጋው፦ አንተ እዚያ ተቀምጠህ የምትለወጠው ምንህ ነው? የእናንተው የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ በ2025 መጀመሪያ ዕርዳታውን ሲያግድ ለወባ የሚመጣውም ተነካ። ያኔ የት ነበርክ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሰልፍ ወጥቻለሁ! አንተስ?

ደጋው፦ እኔ ጤና ጣቢያ ሰልፍ ላይ ነበርኩ።

ናዝሬት፦ የሁለታችሁን ሰልፍ ሌላ ቦታ ጨርሱት። ጦርነትና የተዘጋ መንገድ የሚለውን ማንም አላነሳም። ወለጋ ውስጥ መድኃኒት ያልደረሰው በዝናቡ ነው? የአየር ለውጡ እውነት ነው፣ ግን ትንኟ ስትመጣ የሚቀበላት የተዘጋ ጤና ኬላ ከሆነ የደጋም የቆላም ሰው ያው ነው የሚሞተው።

ጡረተኛው፦ አሁን ገና ነገር ተናገርሽ። ለዚህ ነው ማምለጫ ያልኩት።

ናዝሬት፦ ጋሼ እኔ እኮ እውነት ነው ነው ያልኩት! ግማሹን ብቻ አይውሰዱ።

ባለ ሰሊጥ፦ ስሰማችሁ ቆየሁ። እኔ መተማ መሬት አለኝ፣ በአጨዳ ጊዜ ሠራተኛ አስገባለሁ። ቋራዊ ያልከው ልክ ነው፣ ግን ማንም እኛን አልጠየቀም። ጥቅምት ላይ ሠራተኛው በወባ ሲወድቅ ሰሊጡ ይራገፋል፣ የምከስረውም እኔ ነኝ።

ሲስተር፦ እንግዲያው ለሠራተኛህ አንተ ግዛላ! ባለሀብቱ ሰሊጡን ሲሸጥ ነው ለራሱ፣ አጎበር ሲሆን የመንግሥት?

ባለ ሰሊጥ፦ በምርመራም በመድኃኒትም አወጣለሁ እኮ። አጎበሩንም ሳልጠይቅ የቀረሁ እንዳይመስልሽ፣ ወረዳ ደብዳቤ አስገብቻለሁ።

ቋራዊ፦ ምን አሉህ?

ባለ ሰሊጥ፦ የአባወራ ዝርዝር ከነቤት ቁጥሩ አምጣ።

ሲስተር፦ መመሪያው እሱ ነው፣ ያለ ዝርዝር ያደለች ኤክስቴንሽን ኦዲት ሲመጣ ደሞዟ ነው የሚቆረጠው። እሷንስ ማን ይከራከርላታል?

ቋራዊ፦ እንዴ፣ መመሪያው ይቀየር ነዋ! ጠዋት ሬዲዮ ላይ የነበሩት ሰውዬ ያንን ነበር መናገር የነበረባቸው።

ሲስተር፦ ታዲያ ደውልላቸው፣ ስልኩን ለአድማጭ ክፍት አድርገውት ነበር።