ክርክር፦ የኤጀንቶችን ችሎታ «ሞክሮ ማየት ይበቃል»?

የጦሳ ልጅ፦ ዛሬ ደሴ ውስጥ አንድ ስልጠና ላይ ነበርኩ። ስለ ሶፍትዌር ኤጀንቶች ነው፤ ምን እንደሚያደርጉ ራሳቸው እየመረጡ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ማለት ነው። አሰልጣኙ «ኤጀንቶች ተባብረው ምን ማድረግ እንደሚችሉ በሎጂክ መጻፍ ያለፈበት ነገር ነው፤ ሞክሮ ማየት ይበቃል» አለ። ሰዉም አጨበጨበ። እስካሁን አልበረደልኝም። አንድ ኤጀንት ብቻውን ሲሠራ እሺ። አምስቱ ሲተባበሩ፣ ስድስተኛው ደግሞ ሲያደናቅፍስ? ያን ሁሉ አጋጣሚ ማን ሞክሮ ይጨርሰዋል?

ቦርከና፦ ሰውየው ልክ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ለድርጅቶች ሲስተም እሠራለሁ። ደንበኛዬ ቀመር አሳየኝ ብሎኝ አያውቅም። ሲሠራ አሳየኝ ነው የሚለው። ሞክሬ አሳየዋለሁ፣ ይከፍለኛል።

የጦሳ ልጅ፦ «ሞክሬ» ስትል ስንቱን ሞክረህ? ሁለት ኤጀንቶች በየእርምጃው 10 10 ምርጫ ቢኖራቸው በአንድ እርምጃ 100 ጥምረት ይሆናል። ሥራው 10 እርምጃ ካለው 1 ጽፈህ 20 ዜሮ ትደረድራለህ። ለደንበኛህ ይሠራል ያልከው ከዚህ ውስጥ ስንቱን አይተህ ነው?

ሐይቅ ዳር፦ የማስተምረው ይህንኑ ስለሆነ ልግባበት። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎቹ አሉር፣ ሄንዚንገርና ኩፕፈርማን በ1997 ያቀረቡት፣ በ2002 አስፋፍተው ያሳተሙት ኤቲኤል የሚባለው ሎጂክ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። እነዚህ ኤጀንቶች፣ ሌሎቹ ምንም ቢያደርጉ፣ ግቡ ላይ የሚያደርስ ስልት አላቸው ወይ? «ሌሎቹ ምንም ቢያደርጉ» የሚለውን ሙከራ አይደርስበትም። ሞዴሉ፣ ማለትም ሲስተሙ ሊሆንባቸው የሚችሉት ሁኔታዎችና ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት እርምጃዎች፣ ተዘርዝሮ ከተቀመጠ ደግሞ ፍተሻው ፈጣን ነው። የሚፈጀው ጊዜ በሞዴሉ ትልቀት ልክ ነው የሚጨምረው።

ቦርከና፦ መምህር፣ «ተዘርዝሮ ከተቀመጠ» አሉ። ማን ይዘርዝረው? አዎ ወይም አይደለም ብቻ የሚሉ 30 ተለዋዋጮች ካሉኝ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሁኔታ ነው። አሳጥሬ ልጻፈው ብል ፍተሻው ራሱ በኤክስፖኔንሻል፣ ማለትም እየተባዛ፣ ያድጋል። ይህን የጻፉት የሎጂኩ ሰዎች ናቸው፣ እኔ አይደለሁም።

ሐይቅ ዳር፦ እውነት ነው። ኤምሲማስን የመሰሉ ሞዴል የሚፈትሹ ሶፍትዌሮች ሁኔታዎችን በጅምላ የሚይዙትም ለዚህ ነው። ሁሉንም ሲስተም አይችሉትም፤ የብዙውን ሲስተም አስጊ ክፍል ግን ይችሉታል። አስጊውን ክፍል ለይቶ ማውጣት ደግሞ የአንተ ሥራ ነው።

ገራዶ፦ ዋናውን ነገር ዘለላችሁት። ሁለት በር ያለው መጋዘን እንውሰድ። አንዱ ኤጀንት መኪናውን ወደ አንዱ በር ይመራል፣ ሌላው በር ይከፍታል። አንድ በር ላይ ካልተገናኙ መኪናው ቆሞ ይቀራል። ኤቲኤል «ስልት አላቸው» ይላል። እንዲያውም ሁለት ስልት አላቸው። ካልተነጋገሩ ግን የትኛውን ይያዙ? ጅጌ ተጠርቶ የማን ማሳ እንደሆነ ያልተነገረው ሰው ማለት ነው፤ ጉልበቱ አለ፣ እርሻው አለ፣ ሥራው ግን የለም። ተመራማሪዎቹ ያምሮጋና ቫን ደር ሁክ በ2004 ይህን ለይተው አሳይተዋል። ስልት መኖሩን ማወቅ አንድ ነው፣ ስልቱን ራሱን ማወቅ ሌላ ነው። ኤጀንቶቹ የሚያዩት ከፊሉን ብቻ ሆኖ ያለፈውን ሁሉ የሚያስታውሱ ከሆነ ደግሞ ሁልጊዜ መልስ የሚሰጥ ስሌት ከነአካቴው የለም።

ቦርከና፦ ይኸው! ሎጂካችሁ ራሱ መልስ የለኝም አለ። እንግዲህ ሞክሮ ማየት ይበቃል።

የጦሳ ልጅ፦ ኧረ በአላህ! የት ላይ መልስ እንደሌለ የነገረህ ማን ነው? ሙከራ ነው? ሎጂኩ ነው እኮ!

ፒያሳ፦ እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ኮምፒውተር በፈረቃ የሚጠቀም ተማሪ ባለበት አገር ሞክሩ ብቻ ይባላል? ሎጂክ ወረቀትና እርሳስ ነው የሚፈልገው። ቡድኖች ምን ማስፈጸም እንደሚችሉ የሚያጠናውን፣ የተመራማሪውን የፓውሊን የትብብር ሎጂክ የተማርኩት ኮምፒውተር ሳልነካ ነው። አንድ ቡድን አንዱን ግብ ማስፈጸም ከቻለ፣ አባል የማይጋራው ሌላ ቡድን ሌላውን ከቻለ፣ አንድ ላይ ሁለቱንም ይችላሉ። ማረጋገጫው ግማሽ ገጽ አይሞላም። ደግሞስ ወሎ መንጢቅ፣ በእስልምና ትምህርት የሚሰጠው ሎጂክ፣ የተቀራበት አገር አይደለም እንዴ? ለእኛ ሎጂክ ባዕድ ነው ማለት ነውር ነው።

ቦርከና፦ መንጢቅን ከዚህ ጋር አታደባልቂው እህቴ። ባዕድ ነው ያለም የለም።

ፒያሳ፦ ያለፈበት ነው ተብሏል። ከዚያ በምን ይሻላል?

ገራዶ፦ ሌላውን ተዉትና ቦርከና ይመልስልኝ። በሠራኸው ሲስተም ውስጥ ኔትወርክ ተቋርጦ ሁለቱ ኤጀንቶች ሳይነጋገሩ ሲቀሩ ምን እንደሚሆን ሞክረሃል?

ቦርከና፦ ሞክሬያለሁ። ሲስተሙ ይቆምና ሰው ይጠራል።

የጦሳ ልጅ፦ ሁለቱም ኔትወርኩ መቋረጡን እኩል ያውቃሉ? አንዱ ቆሞ ሌላው በሩን ቢከፍትስ?

ቦርከና፦ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም።

ሐይቅ ዳር፦ ሆኖ አያውቅም ነው ወይስ ሊሆን አይችልም?

ቦርከና፦ መምህር፣ እኔ የማውቀው ያየሁትን ነው። ሊሆን አይችልም የሚያሰኝ ሞዴል ካለዎት ይላኩልኝ። ግን ሲስተሙ ሲቆም የሚጠራው ሰውም ሞዴሉ ውስጥ ይግባ፣ እሱም ሊሳሳት እንደሚችል ታስቦ።

የጦሳ ልጅ፦ እንልካለን። አንተም የሞከርካቸውን ዝርዝር ላክ። ሁሉንም።