«ልባችሁን ጥርጊያ አድርጉ» ሲባል ምን ማለት ነው?

እናት ከሜሪላንድ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ይሁን። ያለፈው እሑድ፣ ከልደት በፊት ካሉት ሦስት የዘመነ ስብከት እሑዶች የመጀመሪያው፣ «ስብከት» የሚባለው ነበር። በምናስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን ያሉት አባት ስለ ጾመ ነቢያት ሲያስተምሩ፣ «የልደቱ ቀን እየቀረበ ነውና ልባችሁን ጥርጊያ አድርጉ» አሉ። ምእመናኑ አሜን ብለው ተቀበሉ፣ እኔም ተቀበልሁ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን እዚሁ የተወለደችው የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ከኋላ ወንበር ሆና፣ «ማሚ፣ አባ ልባችንን ቆሻሻ አድርጉ ያሉን ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወለሉን ስትጠርግ «ጥራጊውን አፍሺ» ስለምላት፣ ጥርጊያንም ከዚያው ቆጥራው ነው። «ጥርጊያ መንገድ ማለት ነው» ብዬ መለስሁላት። «ታዲያ ልብ እንዴት መንገድ ይሆናል?» ስትለኝ ግን የምለው ጠፋኝና ስለ ምሳ ማውራት ጀመርሁ። ለመሆኑ ቃሉ እዚህ ላይ የመንገዱ ስም ነው ወይስ የመጥረጉ ሥራ? «ልብን ጥርጊያ ማድረግ» የሚለውንስ አማርኛው ይሸከመዋል? ለልጅ በሚገባ አነጋገር ብታስረዱኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ፊደል ቆጣሪ፦
እመቤቴ፣ የልጅዎ ጥያቄ ከብዙ ዐዋቂ ጥያቄ ይበልጣል። ጥራጊ ከመጥረግ የተረፈው ነገር ነው፤ ከቈረጠ ቍራጭ፣ ከሰበረ ስባሪ፣ ከበጠሰ ብጣሽ እንደሚወጣ ማለት ነው። ጥርጊያ ግን የሥራው ስም ነው፤ ከዘረፈ ዝርፊያ፣ ከገደለ ግድያ፣ ከቀማ ቅሚያ፣ ከገፋ ግፊያ እንደምንለው። ስለዚህ በመጀመሪያ «ጥርጊያ» ማለት መጥረጉ ነበር፤ ኋላ ግን ሥራው ለተሠራበት ቦታ ስም ሆኖ ቀረ። አባ ያሉት ቍራጩን ሳይሆን ቈረጣውን ነው።

የጎንጅ ተማሪ፦
ወንድማችን በጾም ወራት ለምሳሌ የመረጡልን ዝርፊያን፣ ግድያንና ቅሚያን ነው። ለልጅቱ ሲያስረዱ እባክዎ ሌላ ይፈልጉላት።

ወደ ቁም ነገሩ ስመለስ፣ ሰባኪው ቃሉን ከራሳቸው አላመጡትም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ቍጥር 3 ላይ አማርኛው «የጌታን መንገድ አዘጋጁ፥ ጥርጊያውንም አቅኑ» ይላል። ግእዙ «ጺሑ ፍኖቶ ለእግዚአብሔር ወዐርዩ መጽያሕቶ» ነው። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። «ጺሑ» እና «መጽያሕት» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ ጼሐ ማለት መንገድን ጠረገ፣ ደለደለ ማለት ሲሆን፣ መጽያሕት ደግሞ የተጠረገው ጎዳና ነው። አማርኛው «አዘጋጁ» ካለ በኋላ «ጥርጊያ» ሲል ወንድማማቾቹን ለያያቸው። አባ «ጥርጊያ አድርጉ» ብለው በአንድ ግስ ሲናገሩ፣ ዐውቀውትም ይሁን ሳያውቁት፣ የግእዙን ዝምድና መልሰውታል።

ቀለም ቀንድ፦
ሁላችሁም ከደጃፉ ቆማችሁ ነው የምትከራከሩት። «ጺሑ» የወጣው ከፀሐይ ነው። ጽሕው፣ ፀሐይ፣ ጸሕይ ሁሉም ብርሃንን ይናገራሉ። «ጺሑ ፍኖቶ» ማለት «መንገዱን አብሩለት» ማለት ነው፤ ለዚህም ነው የዘመነ ስብከት ሁለተኛው እሑድ ብርሃን የተባለው። ልብን ማዘጋጀት ማለት መጥረግ ሳይሆን ማብራት ነው። ይህንን በሃያ ዓመት አስተውሎት ያገኘሁት ስለሆነ በቀላሉ እንዳታልፉት አሳስባለሁ።

የጎንጅ ተማሪ፦
ሃያ ዓመት ያስተዋሉትን በአንድ ፊደል ማፍረስ ደስ አይለኝም፤ ነገር ግን ጼሐ የሚጻፈው በጸሎቱ ጸ ነው፤ ፀሐይ ደግሞ በፀሐዩ ፀ። ፊደሉ ራሱ ስሙን ከፀሐይ ወስዶ ሳለ ሌላ ቤት ልናሳድረው አንችልም። በአማርኛ ሁለቱ ድምፆች ስለተዋሐዱ ጆሯችን አይለያቸውም፤ በጥንቱ ግእዝ ግን የተለያዩ ነበሩ። የፀሐይን ዘመድ ከፈለጉ ዐረብኛው የረፋዱን ፀሐይ «ዱሓ» ይለዋል፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የረፋዱን ሰላት በዚያው ስም ይጠሩታል። ጼሐ ከዚያ ቤተሰብ አይደለም።

ቀለም ቀንድ፦
መዝገበ ቃላት እንይ ከተባለ እንይ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፍ እጄ ላይ አለ። ከትናንት ማታ ጀምሬ በጸ ተራ ፈልጌ አላገኘሁትም። እርሳቸው ካላወቁት እናንተ ከየት አወቃችሁት?

ፊደል ቆጣሪ፦
ወንድሜ፣ አለቃ ኪዳነ ወልድ መዝገባቸውን ያዘጋጁት በተለመደው የፊደል ተራ በሀለሐመ ሳይሆን አ፣ በ፣ ገ፣ ደ እያለ በሚሄደው በአበገደ ተራ ነው። በሀለሐመ ልማድ ገልጠው ቃሉን በማጣትዎ የሚወቀሱት እርሳቸው አይደሉም። በ1948 ዓ.ም. መጽሐፉ ከታተመ ጀምሮ በዚህ ምክንያት እንቅልፉን ያጣው እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ እኔም አንድ ክረምት ሙሉ እንዲሁ ተንከራትቻለሁ።

ቀለም ቀንድ፦
ይህን ቀድሞ መናገር ይቻል ነበር።

ሰዓታት፦
የፊደሉን ነገር ለባለቤቶቹ ትቼ አንድ ሥጋቴን ላቅርብ። «ልብን መጥረግ» በሚለው አነጋገር ላይ ጥርጣሬ አለኝ። ጌታ በማቴዎስ ምዕራፍ 12 ስለ ርኩስ መንፈስ ሲናገር፣ ከሰው የወጣው መንፈስ ተመልሶ ሲመጣ ቤቱን «ተጠርጎ አጊጦ» እንደሚያገኘው፣ ከዚያም ከራሱ የከፉ ሰባት ሌሎች ይዞ እንደሚገባ ተናግሯል። እንግዲህ የተጠረገ ልብ ለማንም የተከፈተ ልብ ሊሆን ይችላል። ከኅዳር 15 ጀምሮ ሥጋና ወተት ትተን፣ ቂምና ሐሜትን ጠርገን፣ በምትኩ ምንም ሳናስገባበት ልደት ቢደርስ፣ ያ ልብ ባዶ ቤት ነው። ስለዚህ «ጥርጊያ አድርጉ» ያሉት አባት ግማሹን ብቻ ነው የተናገሩት እላለሁ።

የጎንጅ ተማሪ፦
እኅቴ፣ ቤትና መንገድ አቀላቅለዋል። የተጠረገ ቤት ለማንም ይከፈት ይሆናል፤ መንገድ ግን የሚጠረገው ለሚመጣው ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ ያዘዘው ቤት አይደለም።

ሰዓታት፦
በተጠረገ መንገድ ላይ ሽፍታም ይሄድበታል፣ መምህር። «ለሚመጣው» የሚለውን ቃል ከየት አመጡት? ከተጠየቀው ዐረፍተ ነገር ውስጥ የለም። አባ «ልባችሁን ጥርጊያ አድርጉ» አሉ እንጂ ለማን እንደሆነ አልተናገሩም።

መሐንዲሱ፦
ግእዝ አልተማርሁም፤ በመንገድ ሥራ ግን ሠላሳ ዓመት ቆይቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ ጥርጊያ እየተነጋገራችሁ ጥርጊያ ያየ ሰው በመካከላችሁ የለም መሰለኝ፤ አንዳችሁም በመጥረጊያ ከመጥረግ አልፋችሁ አልሄዳችሁም። ጥርጊያ መንገድ ጠጠር ያልለበሰ፣ አስፋልት ያልነካው፣ በሰው ጉልበት የተከፈተ መንገድ ነው። በልጅነቴ ወደ ቀበሌያችን መኪና እንዲገባ ሲታሰብ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ወጣ። ፊተኞቹ በገጀራና በማጭድ ቀጋውንና አጋሙን መነጠሩ። ተከታዮቹ በዶማ ጉብታውን ቈረጡ። ሴቶችና ልጆች ከጉብታው የተቈረጠውን አፈርና ድንጋይ በከረጢት ተሸክመን ቦረቦሩን ሞላን። ከአንዱ ጎን የተነሣው በሌላው ጎን ገባ፤ የተጣለ ነገር ከቍጥቋጦው በቀር አልነበረም። ስለዚህ እኅታችን «ጠርጎ ባዶ መተው» የሚሉት ነገር በጥርጊያ ሥራ ውስጥ የለም። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ያ መንገድ በሁለተኛው ክረምት ጎርፍ ገመሰው፣ በሦስተኛው ዳዋ ዋጠው። ጥርጊያ በየዓመቱ የሚወጡበት ነው።

የጎንጅ ተማሪ፦
ይህ ሰው በዶማ የተረጎመውን እኛ በአንድምታ፣ በመጻሕፍት ትርጓሜው ትምህርት፣ አልደረስንበትም። ሉቃስ በምዕራፍ 3 የጠቀሰው የኢሳይያስ ቃል ይኸው ነው፤ ዓዘቅቱ ይሙላ፣ ተራራውና ኮረብታው ዝቅ ይበል። «ዐርዩ» የሚለውም ግስ ዕሩይ ከሚለው ጋር ነው፤ እኩል አድርጉ፣ አስተካክሉ ማለት ነው። በኢሳይያስ ምዕራፍ 40 አማርኛው «አስተካክሉ» ብሎ ሳለ በማቴዎስ ላይ «አቅኑ» ማለቱ ነው እኛን ወደ መጥረግና ወደ ማቅናት ብቻ የጎተተን።

ፊደል ቆጣሪ፦
«አቅኑ» ምን በደለ? ቀና ልብ፣ ልበ ቅን፣ ቅን ሰው የምንለው ከዚያው ነው። በአማርኛ ለልብ ከ«ትክክል» ይልቅ «ቀና» ይስማማዋል። «ልበ ትክክል» ብሎ ሰውን ያመሰገነ ማን አለ?

የጎንጅ ተማሪ፦
ለልብ የሚስማማ ግእዝ ከፈለጉማ ዳዊት «ጥቡዕ ልብየ እግዚኦ ጥቡዕ ልብየ» ይላል። አማርኛው «ልቤ ጽኑ ነው» ይለዋል፤ ጥቡዕ ግን ቈራጥ፣ ደፋር፣ ለነገሩ የተሰናዳ ማለትም ነው፤ ጥብዐት የምንለውም ከዚያው ነው። ጽኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ የቆመ ግንብም ጽኑ ነው። ጥቡዕ የሆነ ልብ ወገቡን ታጥቆ በር ላይ የቆመ ልብ ነው። በዚህ ጾም ልብን ስለ ማዘጋጀት ለመናገር አንድ ቃል ምረጥ ብትሉኝ እኔ ከጥርጊያ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

ቀለም ቀንድ፦
የቅኔ ቤት ሰው ሆነው ከወንጌሉ ቃል ሸሽተው ወደ መዝሙር ገቡ። ከጎንጅ ሌላ በሆነው ቅኔ ቤት በዋድላ ቢሆን ኖሮ ይህ መሸሽ ተብሎ ይያዝብዎት ነበር።

የጎንጅ ተማሪ፦
በዋድላ ቢሆን ኖሮ እርስዎ አሁንም ጸን እየፈለጉ ነበር።

ሰዓታት፦
ቅኔ ቤቶቹን ለጊዜው አስታርቁና ወደ መዝሙሩ እንመለስ፤ ስለዚህ ዘመን የሚሰበከው መዝሙር ሌላ ስለሆነ። የስብከት እሑድ ምስባክ፣ ከወንጌሉ በፊት የሚዜመው የዳዊት ስንኝ፣ «ፈኑ እዴከ እምአርያም» ነው፤ የብርሃን ደግሞ «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ»። ሁለቱም «ላክ» ይላሉ። ፈነወ ላከ ከማለት ነው፤ ፍኖትም ከዚያው ሥር የወጣ ነው። መላክ ባለበት መንገድ አለ። አሁን «ጺሑ ፍኖቶ» ከሚለው ጎን አድርጋችሁ ተመልከቱት። ሁለቱም ትእዛዝ አንቀጽ ናቸው፤ ሁለቱም በካዕብ፣ በ«ኡ» ድምፅ፣ ይጨርሳሉ፤ ላልተማረ ጆሮ ሁለቱም ለብዙዎች የተነገሩ ይመስላሉ። «ጺሑ» በእርግጥ ለብዙዎች ነው፤ ለአንድ ሰው ቢሆን «ጺሕ» ይል ነበር። «ፈኑ» ግን የአንድ ብቻ ነው፤ ለብዙዎች «ፈንዉ» ይሆን ነበር። የግሱ ጠባይ እንጂ ብዛት አይደለም። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ወር ሁለት ድምፅ ታሰማለች። አንዱን ወደ ላይ፣ ለአንዱ ብቻ፣ ላክልን እያለች፤ ሌላውን ወደ እኛ፣ ለሁላችን፣ ጥረጉ እያለች። ልብን ማዘጋጀት በእኛ ብቻ የሚፈጸም ሥራ ነው የሚለውን ስብከት ስሰማ የምጠራጠረው በዚህ ነው። ነቢያቱ ጠርገው አልተቀመጡም፤ ጠርገው ጮኹ።

ፊደል ቆጣሪ፦
የ«ፈኑ»ን ነገር እቀበላለሁ፤ ስንት ዲያቆን በቅጽበት ሲሰብከው ሰምቼ በልቤ «ላኩ» ብዬ እንደተረጎምሁት ሳስበው ያሳፍረኛል። ነገር ግን «ፍኖት ከፈነወ ወጣ» ሲባል የትኛው የትኛውን ወለደ? መንገድ ባይኖር መላክ ከየት ይመጣል?

ሰዓታት፦
መላክ ባይኖር መንገድ ለማን ይጠረጋል?

አወያይ፦
የዶሮና የእንቍላል ጥያቄ በዚህ ቤት በጾም አይፈቀድም። ሁለቱም የጾም አይደሉም። ጠያቂዋ እናት አሁንም እየጠበቁ ስለሆነ እባካችሁ ወደ እርሳቸው እንመለስ።

እናት ከሜሪላንድ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ብርሃን አልፎ ሦስተኛው እሑድ ኖላዊ ሊገባ ስለሆነ ዘግይቼ በመመለሴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለልጄ የመሐንዲሱን ታሪክ አነበብሁላት። ከሁሉም ደስ ያላት ልጆች በከረጢት አፈር የተሸከሙበት ቦታ ነው፤ «እኔም እችላለሁ» አለች። የፀሐዩንና የጸሎቱን ጸ ሳነብላት ግን ስልኳን አነሣች።

አንድ የምናዘዘው ነገር አለ። የእኅታችን የሰዓታት ጥያቄ፣ ለማን ነው የሚጠረገው ያሉት፣ ስላልወጣልኝ የዚያን ቀን ትምህርት ቅጂ ከቤተ ክርስቲያኑ ወስጄ ደግሜ ሰማሁት። አባ «ልባችሁን ጥርጊያ አድርጉ» አላሉም። ያሉት «ልባችሁን ጥርጊያ አድርጉለት» ነው። በእልልታው መካከል መጨረሻውን ሳልሰማው ቀርቼ ነው።

ሰዓታት፦
«ለት»!

ፊደል ቆጣሪ፦
«ለት» ካለበትማ የተባለው ሁሉ እንደገና መታየት አለበት። በመጀመሪያ ደረጃ፣ ይህ «ለት» የሚያመለክተው የሚጠረግለትን ነው ወይስ ስለ እርሱ ተብሎ የሚደረገውን ነው? ሁለቱ አንድ አይደሉም። «ሞተለት» እና «ከፈተለት» የሚሉትን አነጻጽሩ።

የጎንጅ ተማሪ፦
«ጺሑ ፍኖቶ ለእግዚአብሔር» ብዬ ስጽፍ «ለእግዚአብሔር» የሚለውን ማንም አላየልኝም ማለት ነው።