ሶሊድ ስቴት ባትሪ እስኪመጣ ልጠብቅ ወይስ አሁን ያለውን ኤልኤፍፒ ልግዛ?

የካዛንቺስ ነዋሪ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ ነው። ቤቴ ካዛንቺስ፣ ሥራዬ ሜክሲኮ ነው፤ ልጆች ማድረሱም ተጨምሮ በቀን ከ40 ኪሎ ሜትር አልዘልም። አልፎ አልፎ ቅዳሜ አዳማ ደርሶ መልስ አለ። ለጊዜው ዓይኔ ያረፈው 38.88 ኪሎዋት ሰዓት የኤልኤፍፒ (የሊቲየም አይረን ፎስፌት) ባትሪ ባላት ትንሿ የቻይና መኪና፣ ቢዋይዲ ሲጋል ላይ ነው።

እጄን የያዘኝ "ሶሊድ ስቴት በ2027 ይገባል፣ ያኔ የአሁኖቹ ዋጋ ይወድቃል" የሚለው ወሬ ነው። በዚያ ላይ አንድ ደላላ ቴሌግራም ላይ "ሶሊድ ስቴት ባትሪ ያላት፣ አንዴ ቻርጅ ተደርጋ 1000 ኪሎ ሜትር የምትሄድ" ብሎ መኪና ለጥፏል። መጠበቁ ያዋጣል? ደላላው የሚለው እውነት መሆኑን በምን ላረጋግጥ? የግቢዬ ቆጣሪ ሲንግል ፌዝ ነው፤ ለዚህ ለአዲሱ ባትሪ ይበቃል? ሥራውን የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አኖድና ካቶድ

ወንድሜ፣ አትጠብቅ። ምክንያቱን ግን ከሥሩ ልንገርህ፤ ወሬው ብዙ ነገር አደባልቋል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አሁን ባሉት ባትሪዎች ውስጥ ሊቲየሙን በአኖድና በካቶድ (በባትሪው ኔጌቲቭና ፖዘቲቭ ወገኖች) መሃል የሚያመላልሰው ኤሌክትሮላይት የሚባል ፈሳሽ ነው፤ በኦርጋኒክ ፈሳሽ የሟሟ የሊቲየም ጨው። ይሄ ፈሳሽ ተቀጣጣይ ነው። ሶሊድ ስቴት ማለት እሱን በጠጣር ኤሌክትሮላይት መተካት ነው። ጠጣሩ በዋናነት ሦስት ዓይነት ሲሆን አንዱም ከጣጣ የጸዳ አይደለም። ፖሊመሩን ቦሎሬ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በብሉካርና በብሉባስ ላይ ገጥሞ ለዓመታት ሠርቶበታል፤ ከ60 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ ግን አዮን (ቻርጅ የተሸከመውን የሊቲየም ቅንጣት) በደንብ ስለማያሳልፍ መኪናው ቆሞም ባትሪውን ለማሞቅ መብራት ይበላል። ኦክሳይዱ ሴራሚክ ነው፤ አየር ብዙም አይጎዳውም፣ ግን ከ1000 ዲግሪ በላይ መተኮስ ይፈልጋል፣ ስስ ሆኖ ሲሠራ ደግሞ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። ቶዮታና ሳምሰንግ ኤስዲአይ የመረጡት ሰልፋይዱን ነው። የፈሳሹን ያህል አዮን ያሳልፋል፣ ሳይተኮስ በግፊት ብቻ ይጠቀጠቃል። ነገር ግን እርጥበት ሲነካው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ይለቃል። ስለዚህ ፋብሪካው የአየሩ የጤዛ ነጥብ (እርጥበቱ ጤዛ የሚሆንበት ሙቀት) ከዜሮ በታች ከ40 እስከ 60 ዲግሪ የወረደ ደረቅ ክፍል ያስፈልገዋል፤ ያንን ክፍል ቀን ከሌሊት ማድረቅ ራሱ ትልቅ ወጪ ነው።

ወደ መኪና ለመግባት ያዘገየው ትልቁ ችግር ግን ንክኪው ነው። ሩጫው አኖዱን ከግራፋይት ወደ ንጹሕ ሊቲየም ለመለወጥ ነው፤ ግራፋይት በግራም 372 ሚሊአምፔር ሰዓት ሲይዝ ሊቲየም 3860 ይይዛል። ሊቲየሙ ግን ቻርጅ ሲደረግ ይወፍራል፣ ሲነዳ ይሳሳል። በካሬ ሴንቲ ሜትር 4 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ሴል (ባትሪው ከብዙዎቹ የሚገጣጠምበት አንዱ ክፍል) ብትወስድ፣ አንዷ የሊቲየም ንብርብር በአንድ ቻርጅ 20 ማይክሮን ያህል ትወፍራለች። 30 ንብርብር ሲደራረብ 0.6 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ፈሳሽ ቢሆን ክፍተቱን ገብቶ ይሞላዋል፤ ጠጣር ግን ተከትሎ አይሄድም። ሊቲየሙ ሲሳሳ መሃል ላይ ባዶ ቦታ ይቀራል፣ ከረንቱ ሳይላቀቁ በቀሩት ጥቂት ነጥቦች ላይ ይጨናነቃል፣ በሚቀጥለው ቻርጅ እዚያው ቦታ ላይ የሊቲየም ክር አድጎ በኤሌክትሮላይቱ ስንጥቅ ውስጥ አልፎ ሾርት ያደርጋል። ቻርጁ በፈጠነ ቁጥር ይብሳል።

መድኃኒቱ ሴሉን አጥብቆ መጫን ነው። ስፋቱ 30 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሴል ላይ 1 ሜጋፓስካል ብትጭን ወደ 3 ቶን የሚጠጋ ጫና ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይጫናል። ያንን ጫና በመኪናው ዕድሜ ሙሉ የሚይዝ ብረት ከመኪናው ሥር ሲገጠም፣ በባትሪው የተገኘውን የክብደት ትርፍ መልሶ ይበላዋል።

አሁን ያሉበትን ልንገርህ። ሳምሰንግ ኤስዲአይ በሊትር 900 ዋት ሰዓት የሚይዝ ሴል በ2027 በብዛት ለማምረት አቅዷል። ቶዮታ 2027 ወይም 2028 ብሏል፤ የቻይናዎቹ ባትሪ አምራቾች ሲኤቲኤልና ቢዋይዲም 2027 ላይ በትንሽ ቁጥር እንደሚጀምሩ ተናግረዋል። መርሴዲስ በ2025 ፋክቶሪያል የተባለው የአሜሪካ ባትሪ ኩባንያ የሠራውን ሴል የገጠመላትን ኢኪውኤስ መኪና ከሽቱትጋርት እስከ ማልሞ 1205 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ቻርጅ ሳያደርግ ነድቷታል፤ ትልቅ ውጤት ነው፣ ሆኖም የሙከራ መኪና ናት። ቶዮታ በ2017ም "በ2020ዎቹ መጀመሪያ" ብሎ እንደነበር አትርሳ። ኩባንያዎቹ የሚጠሩት ዓመት ጥቂት ውድ መኪኖች የሚወጡበት ነው፤ የሲጋልን ያህል ዋጋ ያላት መኪና ጋ እስኪደርስ ገና ብዙ መንገድ ይቀረዋል። የኤልኤፍፒ መኪናህን ዋጋ ሊያወርድ የሚችለው ከዚያ ይልቅ ርካሽ የሆነ ሌላ ኤልኤፍፒ ነው።

"እሳት የሚባል ነገር አያነሳም" ለሚሉህ ደግሞ፣ በሚያዝያ 2022 ፓሪስ ውስጥ ሁለት ብሉባሶች ተቃጥለው የከተማው ትራንስፖርት ድርጅት 149 ተመሳሳይ አውቶቡሶችን ለጊዜው ከሥራ አውጥቷል። ኤሌክትሮላይቱ ጠጣር ነበር።

ፓክ ጥገና

ስለ ደላላው ልጨምር። ቻይና ውስጥ ገበያ ላይ የዋለው ሰሚ ሶሊድ ነው፤ ማለትም ፈሳሹ ተቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ኒዮ የተባለው የቻይና መኪና አምራች ያወጣው ባለ 150 ኪሎዋት ሰዓት ፓክ (ሴሎቹ ተሰብስበው የታሸጉበት ሙሉ ባትሪ) ከዚህ ዓይነት ነው፤ የኩባንያው መሥራች በታኅሣሥ 2023 ራሱ ነድቶ 1044 ኪሎ ሜትር ሄዶበታል። በ2025 የወጣችው አዲሷ ኤምጂ4 ሰሚ ሶሊድም 5 በመቶ ፈሳሽ አላት። ባትሪዋ 53.95 ኪሎዋት ሰዓት፣ የምትሄደው ደግሞ በቻይና መለኪያ 530 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ "ሶሊድ" የሚለው ቃል ብቻውን ርቀት አይሰጥህም፤ ርቀቱን የሚሰጠው ኪሎዋት ሰዓቱ ነው።

ሂሳቡን ራስህ ሥራው። መካከለኛ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር ከ13 እስከ 15 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ 1000 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ቢያንስ 130 ያስፈልጋል። ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች በር ከፍተህ ምሰሶው ላይ በምታገኘው የብረት ሰሌዳ ላይ፣ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር የባትሪው ቮልትና አምፔር ሰዓት ተጽፏል። ሁለቱን አባዝተህ ለ1000 አካፍል። 320 ቮልትና 120 አምፔር ሰዓት ካለ 38.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከ130 በጣም ካነሰ ማስታወቂያው ውሸት ነው፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

ቀጥሎ የኦቢዲ2 ብሉቱዝ ማንበቢያ (የመኪናውን ኮምፒውተር መረጃ ስልክህ ላይ የሚያሳይ መሣሪያ) ሰካ። ባትሪው 50 በመቶ አካባቢ ሳለ፣ መኪናው አንድ ሰዓት ከቆመ በኋላ የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅ እይ። 3.28 እስከ 3.33 ካሳየ ኤልኤፍፒ ነው። 3.65 እስከ 3.75 ካሳየ ኒኬል ያለበት ካቶድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ቮልቴጁን የሚወስኑት አኖድና ካቶዱ እንጂ ኤሌክትሮላይቱ አይደለም፤ ስለዚህ 3.7 ማየት ጠጣርነቱን አያረጋግጥም። የሚያረጋግጠው የቻይና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር የሚያወጣው የተሽከርካሪዎች መዝገብ ነው፤ በሞዴሉ ኮድ ሲፈለግ የባትሪው ዓይነትና አምራቹ ይገኛል። ሻጩ የሞዴሉን ኮድ አልሰጥም ካለ ተወው።

ያገለገለች ሲጋል የምትገዛ ከሆነ ደግሞ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ሴል መሃል ያለውን ልዩነት እይ። ግማሽ ላይ ከ30 ሚሊቮልት መብለጥ የለበትም። ግን በዚያ አትርካ፤ የኤልኤፍፒ ቮልቴጅ መሃል ላይ ዝርግ ስለሆነ የደከመ ሴል ይደበቃል። ከ15 በመቶ በታች ሲወርድ እንደገና ለካ፤ የደከመው ሴል ያኔ ቀድሞ ይወድቃል። ከገዛህ በኋላም በሳምንት አንዴ እስከ 100 በመቶ ሙላ፤ ያለዚያ የባትሪው መቆጣጠሪያ ቆጠራው ይሳሳትና "20 በመቶ አለ" እያለህ መንገድ ላይ ሊያቆምህ ይችላል።

ለጋራዥ ሰዎች አንድ ማሳሰቢያ። የቢዋይዲ ብሌድ ሴሎች ሞጁል (ጥቂት ሴሎችን ለብቻ የሚይዝ ሳጥን) የላቸውም፣ ፓኩ ውስጥ በማጣበቂያ ስለሚለጠፉ አንዱን ነጥሎ ማውጣት ከአሁኑም ከባድ ነው። ሶሊድ ስቴት ከዚህ ይከፋል። የመጫኛውን ብሎን ስትፈታ ጫናው ይለቃል፣ ንብርብሮቹ ይላቀቃሉ፣ መልሰህ ብታጠብቀውም ንክኪው እንደ ቀድሞው አይሆንም። የተበሳ የሰልፋይድ ሴል ደግሞ በክረምት እርጥበት ጋዝ ይለቃል፤ ዝግ ክፍል ውስጥ የሚነካ ነገር አይደለም።

የካዛንቺስ ነዋሪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ግልጽ ነው። ሰሌዳውን ፎቶ እንዲልክልኝ እጠይቀዋለሁ። ሲጋሏ አዳማ ደርሳ ትመለሳለች? የመብራቱስ ነገር?

ገመድና ብሬከር

ትመለሳለች። አዳማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከአዲስ አበባ በ700 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በሰዓት 90 አካባቢ ከነዳህ ደርሶ መልሱ ከ26 እስከ 28 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በመልሱ ዳገት 1500 ኪሎ ግራም ለማውጣት ወደ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይጨመራል፤ ስትወርድ ከፊሉን ብሬኩ ይመልስልሃል። ሞልተህ ከወጣህ ከ8 ያላነሰ ይዘህ ትገባለች። 120 ከነዳህ ግን ይህን ትርፍ አትቁጠረው።

ሶሊድ ስቴትን በሲንግል ፌዝ ስለምትለው፣ ሶሊድ ስቴት የሚሠራው የአሜሪካ ኩባንያ ኳንተምስኬፕ ሴሉን ከ10 ወደ 80 በመቶ በ12 ደቂቃ አካባቢ እንደሚሞላ ይናገራል። 80 ኪሎዋት ሰዓት ባለው ፓክ ላይ ያ ማለት በአማካይ 280 ኪሎዋት መሳብ ነው። ባለ 32 አምፔር ሲንግል ፌዝ 7 ኪሎዋት ብቻ ይሰጣል፤ የ40 ቤት መብራት ያስፈልግሃል። ባትሪው ምንም ያህል ቢፈጥን ቤትህ ውስጥ ቻርጅ የሚደረገው ቆጣሪው በሚፈቅደው ልክ ነው።

ለቀን 40 ኪሎ ሜትርህ ባለ 16 አምፔሩ ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በቂ ነው፤ ብክነቱን ጨምሮ 6 ኪሎዋት ሰዓት ቢሆን ነው፣ ከሁለት ሰዓት አያልፍም። ምጣድ በተጣደበት ሰዓት ግን አትሰካ። ምጣዱ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፣ ከቻርጀሩ ጋር ሲደመር 32 አምፔር ሞላ። ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ቮልቴጁም ይሻላል። ዲቫይደር ላይ ፈጽሞ አትሰካ፤ ሶኬቱ ለሰዓታት 16 አምፔር አይችልም፣ ከእግሩ ጀምሮ ይቀልጣል።

ወደ 7 ኪሎዋት ከፍ ልበል ካልክ ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው የወጣ ባለ 6 ካሬ የመዳብ ሽቦ አስዘርጋ። 25 ሜትር ርቀት ላይ 5 ቮልት ገደማ ነው የሚጠፋው። ባለ 2.5 ካሬ ቢሆን 11 ቮልት ይጠፋል፤ ያ በ32 አምፔር ሲባዛ 350 ዋት ሙቀት ግድግዳህ ውስጥ ይቀራል ማለት ነው። ባለ 30 ሚሊአምፔር የሊኬጅ ብሬከርም (ከረንት ሲያፈስ መብራቱን የሚቆርጥ) ይግባበት።

ከሁሉም አስፈላጊው ኧርዙ (ያፈሰሰውን ከረንት ወደ መሬት የሚወስደው መስመር) ነው። ኧርዝ ከሌለ ቻርጀሩ አልሠራም ይላል፤ ያኔ አንዳንድ ኤሌክትሪሻን ኧርዙን ከኒውትራል ጋር አገናኝቶ ያታልለዋል። መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ግን ከፖሉ ላይ ኒውትራሉ የተበጠሰ ቀን የመኪናው ቦዲ 220 ቮልት ይሸከማል፤ በር የነካ ልጅ ይያዛል። የኧርዝ ዘንግ አስተክል፣ በመለኪያም አስለካው። በክረምት ለክተህ ጥሩ የሆነው በየካቲትና በመጋቢት አፈሩ ሲደርቅ ስለሚበላሽ፣ ልኬቱ በበጋ ይሁን።