የቢሮ ስልካችን መስመር አልለቅ አለኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። አዲስ አበባ ላለ አነስተኛ ቢሮ አስተሪስክ በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም የስልክ ማዞሪያ እየሠራሁ ነው። የውስጥ ስልኮቹ ያለችግር ይገናኛሉ። ከውጭ የሚመጡትን ሁለቱን የመዳብ የስልክ መስመሮች ኤፍኤክስኦ ካርድ (የውጭ መስመርን ከማዞሪያው ጋር የሚያገናኝ ካርድ) ላይ ሰክቻለሁ። 9 ስንነካ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከውጭም ይገባል።

ጭንቁ ደዋዩ ሲዘጋ ነው። ማዞሪያው መዘጋቱን አያውቅም። የድምፅ መልእክት ሳጥኑ የቢዚ ድምፅ ሲቀዳ ይውላል፣ መስመሩም እንደተያዘ ይቀራል። ቢሮው የሚኖረው በስልክ በሚመጣ ትዕዛዝ ነው፤ ደንበኛ ደውሎ ሲያጣን በጣም ያሳስበኛል።

በመልቲሜትር ለካሁት። ስልኩ ሳይነሳ 48 ቮልት፣ ሲነሳ 8 ገደማ ነው፤ እዚህ ላይ ችግር የለም። ደዋዩ ሲዘጋ ግን ቮልቴጁ አይቋረጥም፣ ፖላሪቲውም (ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ) አይገለበጥም። የመዘጋት ምልክት ሆኖ የሚመጣው የቢዚ ድምፅ ብቻ ነው።

ስለዚህ የቢዚ ድምፅ ሲሰማ መስመሩን የሚዘጋውን «ቢዚዲቴክት»ን አብርቼ፣ ድምፁ ስንት ጊዜ ሲደጋገም እንደሚዘጋ የሚወስነውን «ቢዚካውንት»ን 4 አደረግሁ። አሁን ደግሞ አንዳንዴ ሰው እያወራ ይቆርጥብናል! ወደ 6 ልጨምረው? ወይስ የድምፁንና የዝምታውን ርዝመት በ«ቢዚፓተርን» ልስጠው? በእኛ አገር መስመር ላይ በሚሊሰከንድ የለካችሁት ካላችሁ፣ እባካችሁ ቁጥሩን ጻፉልኝ።