ክርክር፦ እንግሊዝኛ ለምን እንደከበደን በመጠይቅ ይታወቃል ወይስ ክፍል ገብቶ በመቀመጥ?

ተመራቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ብዙዎቻችሁ ወይ እንግሊዝኛ ታስተምራላችሁ ወይ በዘርፉ ሁለተኛ ዲግሪ እየሠራችሁ ነው፣ ስለዚህ ነገሩን እዚህ ላምጣው። የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ሀገር ይንጫጫል። 50 በመቶና በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ሆነ። ከዚያ ሁሉም ሰው "እንግሊዝኛው ነው የጣላቸው" ይላል። እሺ፣ እንግሊዝኛው ምኑ? ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። ፈተናው ምርጫ ነው። ልጁ የፊዚክስ ጥያቄ ሲስት ፊዚክሱ ይሁን ቋንቋው ያሳተው፣ ከመልስ ወረቀቱ ላይ አይነበብም።

እኔ ቴሲሴን፣ ማለትም የመመረቂያ ጥናቴን፣ የሠራሁት አንድ 9ኛ ክፍል ውስጥ 11 ሳምንት ከኋላ ተቀምጬ ነው። ከዚያ 14 ተማሪዎችን በአማርኛ አነጋገርኩ። አንዷ ልጅ "ይገባኛል እኮ፣ ግን አይወጣልኝም" አለችኝ። ቃሏን እንዳለ በፊደላችን ጻፍኩት፣ ከሥሩ ትርጉሙን አስገባሁ። ዲፌንስ ላይ፣ ጥናቱን ገምጋሚዎች ፊት ሳቀርብ፣ ሁለት ነገር ተባልኩ። አንደኛ፣ 14 ሰው ጥናት አይሆንም፣ መጠይቅ በትኚ። ሁለተኛ፣ ይሄ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ነው፣ አማርኛውን አውጪ። መመረቅ ስለነበረብኝ አወጣሁት። አሁን ጥራዙ ላይ ያለው ልጅቷ "የመናገር ክህሎት ጉድለት" አለባት የሚል ነው። እሷ ግን እንደዚያ አላለችም። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። በእንግሊዝኛ ትምህርት ላይ የምንሠራው ጥናት ዓይነታዊ ይሁን፣ ማለትም ክፍል ገብቶ ማየትና ሰውን በቋንቋው ማነጋገር፣ ወይስ በለመድነው መጠይቅ እንቀጥል? እኔ ክፍል እንግባ ነው የምለው።

ቁጥር ይናገር፦
እህቴ፣ ድካምሽን አከብራለሁ። አማርኛውን አውጪ መባልሽ ልክ አይደለም፣ እሱ ላይ ካንቺ ጋር ነኝ። የመጀመሪያው ላይ ግን አልስማማም። በ2017 ብቻ ከ585 ሺህ በላይ ተማሪ ነው የተፈተነው። ለአንድ ቢሮ ኃላፊ 14 ልጅ እንዲህ አሉኝ ብትዪው ምን ያድርግበት? ችግሩ ገጠር ነው ወይስ ከተማ፣ የሚብሰው 9ኛ ላይ ነው ወይስ 11ኛ፣ ሴቶቹ ላይ ነው ወይስ ወንዶቹ ላይ፣ እነዚህን ሳያውቅ በጀት አይመድብም።

ሌላም አለ። ዓይነታዊ ነው እየተባለ የሚሠራውን አይቻለሁ። ሦስት መምህር በስልክ ለአሥር አሥር ደቂቃ ያነጋግሩና፣ ብራውን እና ክላርክ በፈረንጆቹ 2006 ያወጡትን፣ ከቃለ መጠይቅ ጭብጥ የሚወጣበትን ስድስት ደረጃ አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ። ከዚያ "የተገኙት ጭብጦች" ተብለው የሚወጡት ምዕራፍ ሁለት ላይ ቀድመው የተጻፉት ርዕሶች ናቸው። ሰዎቹ ባይናገሩም ያው ነበር። የቁጥር ጥናት ቢያንስ ሲሳሳት ቁጭ ብለህ አስልተህ ትይዘዋለህ።

መምህር፣ 9ኛ ለ፦
እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ስለ መጠይቅ ያየሁትን ልንገራችሁ። አምና አንድ ተመራማሪ ክፍሌ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ደብዳቤም ይዟል። ያመጣው ሆርዊትዝና ባልደረቦቿ በ1986 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ያዘጋጁትን የቋንቋ ክፍል ፍርሃት መለኪያ ነው። 33 ዓረፍተ ነገር አለው። ለእያንዳንዱ ከ"በጣም እስማማለሁ" እስከ "በጣም አልስማማም" ካሉት አምስቱ አንዱ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። የበተነው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ያስፈራቸው እንደሆነ የሚጠይቀው ወረቀት ራሱ በእንግሊዝኛ!

68 ተማሪ ነበር፣ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ተቀምጠው። ዘጠኝ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ከፊት የተቀመጠች ልጅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፦ "መምህር፣ ትክክለኛው መልስ የቱ ነው?" ልጁ ወረቀቱን ሰብስቦ አመስግኖን ሄደ። ያ ወረቀት ዛሬ የሆነ ቦታ አማካይና ልይይት ወጥቶለት ሰንጠረዥ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ከ33ቱ አንዱ፣ ስናገር ሌሎች ተማሪዎች ይስቁብኛል ብዬ እፈራለሁ የሚል ነው። ክፍሌ ውስጥ ሁለት ልጆች አሉ፣ ሁለቱም "እስማማለሁ" ላይ ነው ምልክት ያደረጉት። አንዱ ሲሳሳት ነው የሚሳቅበት። ሌላኛው ደግሞ ጎበዝ ነው፣ አጎቱ ጋር ፊልም እያየ ያደገ ልጅ ነው፣ አጥርቶ ሲናገር "ጉረኛ! ፈረንጅ ሆነሃል" ይሉታል። ስለዚህ አውቆ አበላሽቶ ይናገራል። አያችሁ፣ ምልክቱ አንድ ነው፣ ነገሩ ግን ሰማይና ምድር ነው። ለአንዱ ልምምድ ጨምሩለት ማለት ይቻላል። ለሌላኛው ግን ይሉኝታውን የሚያነሳለት ክፍል ነው የሚያስፈልገው።

ቁጥር ይናገር፦
መምህር፣ ይሄ የተመራማሪው ስንፍና ነው እንጂ የመጠይቁ አይደለም። መተርጎም ነበረበት። መጀመሪያ በጥቂት ልጆች ላይ መሞከር ነበረበት። ይሉኝታ የሚባለውንም አንድ ጥያቄ ጨምሮ መጠየቅ ይቻላል።

መምህር፣ 9ኛ ለ፦
ይቻላል። ግን ይሉኝታ መኖሩን በምን ያውቃል? እኔም ያወቅኩት ልጁ በዕረፍት ሰዓት ከእኔ ጋር ብቻውን ሲያወራ እንግሊዝኛው ሌላ ሆኖ ሳገኘው ነው።

የፕላዝማ ልጅ፦
እኔ መምህር አይደለሁም፣ ግን ዕድሜዬ ይመሰክራል። 1996 ላይ በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበርኩ። ስንት ትምህርት ቤት ስክሪን እንደገባለት ሲቆጠር ጥሩ ነበር። ክፍል ውስጥ ግን እንዲህ ነበር። ሰውዬው በማናውቀው ቅላጼ በፍጥነት ያስረዳል፣ ጥያቄ ያወጣል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ እኛ ገና ጥያቄውን እየገለበጥን "ዌል ደን" ብሎ ያልፋል። የእኛ መምህር ጥግ ላይ ቆሞ ከእኛ እኩል ያያል። ስክሪኑን ማቆም አይችልም። እሱ ሊያስረዳን የተተወለት መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያለችው ጥቂት ደቂቃ ናት። ያኔ አንድ ሰው መጥቶ ከጎናችን ለአንድ ሳምንት ቢቀመጥ ኖሮ ምን እንደጎደለን በሦስተኛው ቀን ያውቀው ነበር።

ጅማ፦
እኔ የገጠመኝ ደግሞ ትርጉም ላይ ነው። ያነጋገርኳቸው ተማሪዎች በአፋን ኦሮሞ ነው ያወሩት። ዲፌንስ ላይ ግን የሚታየው እንግሊዝኛው ብቻ ነው። ከገምጋሚዎቹ መካከል አንድም አፋን ኦሮሞ የሚያውቅ ስላልነበረ በትክክል ልተርጉም አልተርጉም ያረጋገጠ ሰው የለም። ለዚህ ነው ዋናው ቃል ይቅር ሲባል የሚገርመኝ። ዋናው ቃል ከሌለ እኮ እኔን ማን ያርመኛል? ነገ ቋንቋውን የሚያውቅ አንባቢ መጥቶ "ይሄን እንዲህ ብለህ መተርጎም አልነበረብህም" ሊለኝ ይገባል።

ሥነ ጽሑፍ ተማሪ፦
አጭር ነገር ልጨምር። እኛ ጋር የናሙና ብዛት የሚጠይቅ የለም። አንድ ልብ ወለድ ይዘን አንድ ዓመት እንቀመጣለን። ግን አንባቢን አነጋግሩ የሚለንም የለም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ልብ ወለድ ለተማሪ ሰጥተን፣ ገጽ ስንት ላይ አቆምክ፣ ለምን አቆምክ፣ ብለን ጠይቀን አናውቅም። እኔ ይሄን ልሠራ ነው ያሰብኩት።

ጡረተኛ መምህር፦
ልጆቼ፣ ክርክራችሁ ደስ ይላል። እኔ ያስተማርኩት ልጆቹ እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ተምረው 7ኛ ላይ ድንገት ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ በሚሆንበት ዘመን ነው። ከ1986ቱ ፖሊሲ በኋላ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሆነ፣ እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ የሚሆንበት ክፍል ግን ከክልል ክልል ተለያየ። ይሄን ጉዳይ ካትሊን ሂዩ የመራችው ቡድን ለትምህርት ሚኒስቴር አጥንቶ በፈረንጆቹ 2007 አውጥቷል። እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት በ8ኛ ክፍል ምዘና የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ይሄን የነገራቸው ቁጥር ነው። ግን ቁጥሩን ይዘው ቢሮ አልተቀመጡም። ክልል ለክልል ዞረው ክፍል ገብተዋል፣ መምህሩንም ወላጁንም አነጋግረዋል።

መቀመጥ ምን ይጠቅማል ለሚል ደግሞ አንድ ምሳሌ አለኝ። ሸርሊ ብራይስ ሂዝ የምትባል አሜሪካዊት አጥኚ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ካሮላይና ውስጥ ከሠራተኛ ቤተሰቦች ጋር ኖራ አጠናች። እሷ ትራክተን ብላ በሰየመችው የጥቁሮች ሰፈር ያደጉ ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ ቀላል ጥያቄ እንኳ አይመልሱም እየተባለ መምህራኑ ያማርሩ ነበር። ሰፈሩ ውስጥ ስትቀመጥ ያየችው ሌላ ነው። ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው መልሱን እያወቀ ልጅን አይጠይቅም። "ይሄ ምን ዓይነት ቀለም ነው?" ብሎ ነገር የለም። የሚጠየቀው "ይሄ ምን ይመስላል?" ነው። መምህሯ ቀለሙን እያየችው ስትጠይቀው ልጁ ምን እንደተፈለገበት ግራ ይገባዋል። መምህራኑ ይሄን ሲያውቁ አጠያየቃቸውን ለወጡ፣ ልጆቹም ተናገሩ። ይሄን የትኛው መጠይቅ ያወጣው ነበር?

ወደ እኛ ቤት ስመጣ፣ ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በል ተብሎ ያደገ ልጅ ነው 9ኛ ክፍል ገብቶ "ተከራከር፣ ሐሳብህን ግለጽ" የሚባለው፣ ያውም በእንግሊዝኛ።

ቁጥር ይናገር፦
ጋሼ፣ ያመጡት ምሳሌ ከባድ ነው፣ እቀበለዋለሁ። ግን ልብ ይበሉ፣ አሥር ዓመት ነው። የእኛ ተማሪ አንድ ሴሚስተርና የፎቶኮፒ ብር ነው ያለው። ለዚህ ነው ጥንቃቄ የምለው። ሊንከን እና ጉባ በ1985 እ.ኤ.አ. የዓይነታዊ ጥናት ተአማኒነት በምን እንደሚለካ ጽፈዋል። እዚህ ግን ስማቸው ይጠቀሳል እንጂ የሚያደርገው ሰው ብዙ አይደለም። ተመራቂዋን አንድ ነገር ልጠይቃት። 14ቱን እንዴት መረጥሻቸው? ከክፍሉ ያቋረጡትንስ አነጋግረሻል?

ተመራቂዋ፦
አላነጋገርኩም። እውነቱን ለመናገር፣ አብዛኞቹ ራሳቸው "እኔን አነጋግሪኝ" ብለው የመጡ ናቸው፣ ማለትም ከመጀመሪያውም ማውራት የማይከብዳቸው። ያቋረጡ ሁለት ልጆች ነበሩ፣ ቤታቸው ድረስ መሄድ ነበረብኝ። ይሄ የጥናቴ ቀዳዳ ነው፣ ኤግዛሚነሬም ይሄን ቢጠይቀኝ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

ግን "አይወጣልኝም" ያለችውን ልጅ ነገር ልጨርስ። ከዚያ በኋላ እሷን ለይቼ ማየት ጀመርኩ። መምህሩ ሲጠይቅ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቀና ትላለች፣ ደብተሯ ጥግ ላይ በእርሳስ ትሞነጫጭራለች፣ እጇን ከዴስኩ ትንሽ ታነሳለች። ከዚያ መምህሩ ያልፋል። አንድ ቀን ከደወል በኋላ ደብተሯን አሳየችኝ። የጻፈችው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ከአንድ ፊደል ግድፈት በቀር ልክ ነው። የቀዳሁትን ድምፅ መልሼ ሰማሁ። መምህሩ ጠይቆ ሌላ ልጅ እስኪጠራ ወይም ራሱ እስኪመልስ የሚቆየው ሁለት ሰከንድ ገደማ ነው። እሷ ግን ደብተሯ ላይ ለመጨረስ ቢያንስ ስምንት ሰከንድ ትፈልጋለች። ክህሎት አልጎደላትም። የጎደላት ስድስት ሰከንድ ነው።

ቁጥር ይናገር፦
ቆይ፣ ይሄ እኮ ቁጥር ነው! ይሄን በ40 ትምህርት ቤት መለካት ይቻላል። መምህራኑን ቆዩ ብሎ አሠልጥኖ እንደገና መለካትም ይቻላል። ለምንድነው ይሄ ቴሲስሽ ላይ የሌለው?

ተመራቂዋ፦
ነበረ። "አይወጣልኝም" የሚለው ክፍል ሲወጣ አብሮ ወጣ። ደግሞ ሰከንድ መቁጠር እንዳለብኝ የነገረችኝ ልጅቷ ናት። እኔ ስገባ ልቆጥር ያሰብኩት የሰዋስው ስህተት ነበር።

ጅማ፦
ድምፁ አሁንም አለሽ? ልጆቹና ወላጆቻቸው ከፈቀዱ እኔ በአፋን ኦሮሞ ከቀዳሁት ጋር አስተያይተን አንድ ጽሑፍ እናውጣ። ዋናው ቃል በቁቤውም በፊደሉም እንዳለ ይቀመጥ፣ ትርጉሙ ከጎኑ።

ቁጥር ይናገር፦
እኔም ልኬቱን እሠራላችኋለሁ። መጠይቁን ትቻለሁ ማለቴ አይደለም፣ በመጨረሻ እንመጣበታለን። መጀመሪያ ግን አንድ ክፍል ገብቼ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።

መምህር፣ 9ኛ ለ፦
የእኔ ክፍል ክፍት ነው። የትብብር ደብዳቤ አጽፋችሁ ለርዕሰ መምህሩ ስጡ፣ እኔ አስቀድሜ አናግረዋለሁ። ሰኞ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ እንግሊዝኛ ነው። ከኋላ በስተግራ፣ መስኮቱ ጋ ቦታ አለ። ወንበር ግን ከቢሮ ይዛችሁ ግቡ፣ ዴስኮቹ ሞልተዋል። የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አትጠይቋቸው፣ እስኪለምዷችሁ።