ጓደኛዬ «በአማካይ 75% አተረፍኩ» ይላል፤ እኔም ማይክሮስትራቴጂን ልግዛ?

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ያጠራቀምኳት 6,000 ዶላር አለችኝ። አብሮ አደጌ በ2023 መጀመሪያ ገዝቶ ዓመቱን ሙሉ የያዛቸውን አራት አክሲዮኖች ዝርዝር ላከልኝ። ማይክሮስትራቴጂ 346% ወጥቷል፣ ሌላው 12% አትርፏል፣ ሁለቱ ደግሞ 20% እና 38% ከስረዋል። «አማካዩ 75% ነው፣ አንተ ባንክ ውስጥ ታሳድራለህ» እያለ ይስቅብኛል። ድርጅቱ ቢትኮይን ስለሚያከማች አክሲዮኑን መግዛት ቢትኮይን እንደ መግዛት ነው ወይ?

ሒሳብ ሹም፦
ወንድሜ፣ አማካዩን አልተሳሳተም። ግን 75% የሚሆነው ለአራቱም እኩል ገንዘብ ካወጣ ነው። በእያንዳንዱ ላይ ስንት ዶላር እንዳዋለ ጠይቀውና ተመለስ።

ጠያቂ፦
ጠየቅኩት፤ ፊቱ ትንሽ ጠቆረ። ማይክሮስትራቴጂ ላይ 500፣ 12% ባተረፈው ላይ 1,000፣ 20% በከሰረው ላይ 1,500፣ 38% በከሰረው ላይ 3,000።

ሒሳብ ሹም፦
ጠርጥሬ ነበር። 1,730 እና 120 አተረፈ፤ 300 እና 1,140 ከሰረ። ኪሱ የገባው 410 ዶላር ነው፤ ከ6,000 ላይ 7% እንኳ አይሞላም። በዚያው ዓመት ኤስ ኤንድ ፒ 500ን (500 ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ድርጅቶች አክሲዮን የሚለካበትን መለኪያ) የሚከተል ተራ ፈንድ ገዝቶ ቢተኛ 26% ገደማ፣ ማለትም ከ1,500 ዶላር በላይ ያገኝ ነበር። ሰው የሚያወራው ስለ አንዷ ላም ወተት ነው፣ ስለ በረቱ አይደለም።

የዳላሱ፦
ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልሞክር። ማይክሮስትራቴጂ (አሁን ስሙን «ስትራቴጂ» ብሎታል) የሶፍትዌር ድርጅት ነው። በማይክል ሴይለር መሪነት ኦገስት 2020 ላይ 21,454 ቢትኮይን በ250 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ከዚያ ወዲህ ቦንድ (የብድር ሰነድ) እየሸጠና አዲስ አክሲዮን እያወጣ መግዛቱን ቀጠለ። ስለዚህ አክሲዮኑን ስትገዛ ቢትኮይኑን ብቻ ሳይሆን ዕዳውንም ትጋራለህ፤ አዲስ አክሲዮን ሲወጣም ድርሻህ ይቀጥናል። ድርጅቱ ምን ያህል ቢትኮይን አለው ከማለት ለአንድ አክሲዮን ስንት ይደርሳል ብለህ ጠይቅ።

ትልቁ ነገር ግን የገባህበት ዋጋ ነው። ፌብሩዋሪ 2021 አክሲዮኑ 1,270 ዶላር አካባቢ ደርሶ ነበር (በ2024 አንዱ ወደ አስር ከመከፈሉ በፊት በነበረው ዋጋ)። በ2022 መጨረሻ 141 ሆነ። ጓደኛህ የሚመካበት 346% የሚጀምረው ከዚህ ጉድጓድ ነው። በ2023 መጨረሻ 631 ሲደርስ በ1,270 የገዛው ሰው ገና ግማሽ ገንዘቡ የለም! አክሲዮኑ 1,270 በነበረበት ቀን ቢትኮይኑን ራሱን በ46,000 የገዛው ደግሞ በ2023 መጨረሻ 42,000 ላይ ነበር፤ የጎደለው አንድ አስረኛ ያህል ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ ብትል፣ በፌብሩዋሪ 2021 ገበያው ድርጅቱን በእጁ ካለው ቢትኮይን ሦስት እጥፍ በላይ ዋጋ ሰጥቶት ነበር። ያ ጭማሪ ሲተን አክሲዮን የያዘው ሰው ብቻውን ተጎዳ። እርግጥ ነው፣ ጭማሪው ሲያብጥ አክሲዮኑ ከቢትኮይን በላይ ይሮጣል፤ 2024ን ማየት ይበቃል።

እህተ ሚካኤል፦
ቴስላንም አትርሱ እንጂ። በ2021 መጀመሪያ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ቢትኮይን ገዛ፣ በ2022 አጋማሽ ሦስት አራተኛ ያህሉን ሸጠ። ሥራ አስኪያጁ በማግስቱ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል። ወንድም ጋሼ፣ ቢትኮይን ከሆነ የፈለግከው፣ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ቢትኮይኑን ራሱን የሚይዙ ፈንዶች በተራ የአክሲዮን አካውንት ይገዛሉ። ደግሞ ከዓመት በታች ይዘህ ከሸጥክ ትርፉ እንደ ደመወዝ ነው ታክስ የሚደረገው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 5,500ውን ተራው ፈንድ ውስጥ አስገባለሁ፣ 500ውን ቢትኮይን በሚይዘው ፈንድ ልሞክር። ጓደኛዬ እሑድ ቡና ሊጠጣ ይመጣል፤ የ410ሩን ሒሳብ በወረቀት ጽፌ አስቀምጫለሁ።